ድንኳኑን ከመግዛታችን በፊት



በቅርቡ አንዲት እህት ከአምልኮ በኋላ ደጃፍ ላይ አቆመችኝና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እትዬ፣ የጥንዶች ኅብረታችን ዘንድሮ ጉባኤውን በአዳራሽ ሳይሆን በሜዳ፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን አድረን ልናደርገው አስበናል። ያዋጣነው ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። ምን እንግዛ? ምንስ ይቅርብን?»

ጥያቄው ሲሰሙት የትዳር ጥያቄ አይመስልም። እኔ ግን ሳቅሁም፣ ደነገጥሁም። የሳቅሁት እኔና ባለቤቴ በዚሁ ጉዳይ የተጨቃጨቅነው ትዝ ብሎኝ ነው። የደነገጥሁት ደግሞ በዚያው ጉዞ ሴት ልጃችንን ልናጣት ጥቂት ቀርቶን እንደ ነበር ስላስታወስሁ ነው። ለእህቴ ቆሜ ከመለስሁላት ይልቅ በዚህ ዓምድ ለሁላችሁም ብጽፈው ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ያቺ ሌሊት

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። ያን ጊዜ የምናገለግለው ደሴ ነበር። ከሁለት ሌሎች ጥንዶች ጋር ልጆቻችንን ይዘን በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። የአካባቢው ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው ነው። ጭላዳው፣ ድኩላው፣ ጅባራው፣ የጓሳው ሜዳ፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮው የሚታይበት ድንቅ ስፍራ ነው። ልጆቼ ጭላዳዎቹ ሣር ሲግጡ ባዩ ጊዜ የነበራቸውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ታዲያ ለጉዞው ስንዘጋጅ እኔና ባለቤቴ የየራሳችንን ሠራን። እሱ ከአንድ ሱቅ ቀለሙ የሚያምር፣ ክብደቱ የቀለለ፣ ዋጋውም የረከሰ ድንኳን ገዛ። በላዩ ላይ «ለ4 ሰው» የሚል ስለ ተጻፈበት ሌላ አልጠየቀም። እኔ ደግሞ የሰው ፊት እንዳልፈራ ብዬ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ የከሰል ምድጃና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ጫንሁ። ያን ያህል ለምግብ ስጨነቅ ከሥራችን ምን አንጥፈን እንደምንተኛ አላሰብሁም። አንድ ሰሌን ብቻ ነበር የያዝነው። እሱ የገዛውን ሲያሳየኝ «ገንዘቡን በላኸው» አልሁት። እኔ የጫንሁትን ሲያይ «ሠርግ ልትደግሺ ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ስለ ዕቃ አልተነጋገርንም።

ማታ የኅዳር ውርጭ ወረደ። ድንኳኑ አንድ ነጠላ ጨርቅ ስለ ነበር ትንፋሻችን ከጣሪያው ላይ ውሃ እየሆነ ይንጠባጠብብን ጀመር። የስድስት ዓመቷ ልጄ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ባለቤቴም አባት ነውና አንጀቱ አልችል ብሎት ከውጭ የቀረውን የከሰል ምድጃ አስገባ። ፍሙ ደህና ቀልቷል፣ ጭስም የለውም። ዚፑን ዘጋነው። ሞቀን። ጸልየን ተኛን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሲል ነቃሁ። ያቅለሸልሸኛል፤ እግሬን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ልጄን ጠራኋት፤ አልመለሰችም። ወዘወዝኋት፤ እንደ ጨርቅ ሆነችብኝ። ጮህሁ። ባለቤቴ ተነሥቶ ዚፑን ቢስበው ተሰንክሮ እምቢ አለ። በሰንጢው የድንኳኑን ጎን ቀዶ ልጃችንን ታቅፎ ወጣ። ቀዝቃዛው አየር ሲነካት ጥቂት ቆይታ አስታወከች፣ ከዚያም አለቀሰች። ያን ልቅሶ የሰማሁበትን ቅጽበት ጌታ ያውቀዋል።

ጩኸታችንን ሰምተው ከፓርኩ ጠባቂ ጋር አንድ የመንደሩ ሽማግሌ መጡ። የያዙትን ወፍራም ባና በልጄ ላይ ጣል አድርገው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አልቅሳለች አይደል? ትተርፋለች» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «ምነው ልጄ፣ ከሰል ከሰው ጋር ያድራል እንዴ? ደግሞስ ብርዱ ከላይ የሚመጣ መሰላችሁ? ከሥር ነው እኮ የሚበላችሁ» አሉት። እስኪነጋ ድረስ አጠገባችን ተቀምጠው እሳት አነደዱልን። ሙስሊም አባት ነበሩ፤ ሲነጋጋ ጸሎታቸውን አደረሱና ሄዱ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ (ሉቃ. 10) ባነበብሁ ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ።

ጠዋት ልጃችንን መካነ ሰላም ወስደን አሳየናት፤ ደህና ነች ተባልን። እስከ ደሴ ድረስ መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። ቤት እንደ ገባን ባለቤቴ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። እኔም፣ «ከሰሉን የጫንሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሁለታችንም ዕውቀት እንደ ጎደለን ገባን። ግን ከዚያ በላይ የጎደለን መመካከር ነበር። አንድ ግማሽ ሰዓት አብረን ቁጭ ብለን ብንነጋገር ኖሮ ከሥር የሚነጠፍ ነገር የለንም የሚለውን አንዳችን እናስታውስ ነበር። የሚነጠፍ ቢኖር ደግሞ ከሰሉ ወደ ድንኳን ባልገባ ነበር።

አስቀድሞ ቁጭ ብሎ መቁጠር

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፡28)። ነገሩ ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ጌታ ምሳሌውን የወሰደው ማንም ሊረዳው ከሚችለው የቤት ጥበብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ስማቸው ሁልጊዜ አንድ ላይ የሚጠራ ጥንዶች አሉ፤ አቂላና ጵርስቅላ። ሥራቸው ምን ነበር? ድንኳን መስፋት (ሐዋ. 18፡1-3)። ሐዋርያው ጳውሎስም በዚሁ ሙያ አብሯቸው ይሠራ ነበር። ድንኳን የሚሰፉ ባልና ሚስት ጨርቁን ሁለቱም በእጃቸው ሳይዳስሱ አንድ ስፌት አይሰፉም ብዬ አስባለሁ። እኛም ድንኳን ከመግዛታችን በፊት እንዲሁ ብናደርግ ኖሮ!

ከዚህ በታች ያለውን ከዚያ ስሕተት በኋላ ጠይቀን፣ ሞክረንና ከፍለን የተማርነው ነው።

1. ከሥር የሚነጠፈው ይቅደም

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው እዚህ ላይ ይሁን። መሬት የሰውነትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ከላይ ሦስት ጋቢ ደርባችሁ ከሥር አንድ ሰሌን ብቻ ካነጠፋችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የተባዛ የላስቲክ ንጣፍ ከሥር፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ ወይም የስፖርት ምንጣፍ ይበቃል። ከገበሬ የተገዛ ደረቅ ጭድ በንጹሕ ማዳበሪያ ሞልቶ ማንጠፍም እጅግ ደህና ነው። የፓርኩን ጓሳ ማጨድ ግን አይገባም፤ የተጠበቀ ነው፣ የዱር አራዊቱም መኖሪያ ነው።

2. የሚለበሰው፦ የእሱና የእርሷ ብርድ ይለያያል

ስለ ስሊፒንግ ባግ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለጥንዶች ትልቅ ትምህርት ነውና። በደህና ፋብሪካ የተሠራ ስሊፒንግ ባግ መለያው ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፉበታል። የመጀመሪያው «ኮምፈርት» የሚባለው ሲሆን የሚለካው አንዲት መካከለኛ ሴት ተመችቷት በምትተኛበት ቅዝቃዜ ነው። ሁለተኛው «ሊሚት» የሚባለው አንድ መካከለኛ ወንድ ተኮራምቶ ሊያድር በሚችልበት ነው። ሦስተኛው «ኤክስትሪም» የሞት አፋፍ ማለት ነው፤ በእርሱ ተማምናችሁ አትግዙ። ባለቤቴ በጓደኛው ስሊፒንግ ባግ ላይ ሁለተኛውን ቁጥር አንብቦ «ለደንቆሮ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። ለእሱ ሊበቃው ይችላል፤ ለእኔ አይበቃም። እንግዲህ ባሎች፣ ሚስታችሁ «በረደኝ» ስትል «እኔን መቼ በረደኝ» አትበሉ። የዓለም ፋብሪካዎች እንኳ ልዩነቱን አውቀው ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ የመከረው (1ጴጥ. 3፡7) በድንኳንም ውስጥ ይሠራል።

የምትሄዱበትን ቦታ ከፍታ ጠይቁ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በግምት በ6 ዲግሪ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ ያማረ ምሽት ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ ሊሆን ይችላል።

ስሊፒንግ ባግ ለመግዛት አቅም ከሌለ የአገራችን ባና አለላችሁ። የበግ ጠጉር ሥራ ስለሆነ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። ጋቢ ጥጥ ነውና ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው የሚሞቀው፤ ከረጠበ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጋቢን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ባና ከባድ ስለሆነ በቅሎ ወይም አህያ መከራየትን በወጪው ውስጥ ቁጠሩት። ምሳሌ 31፡21 ላይ ያለችው ሴት በረዶ ሲመጣ ለቤቷ ሰዎች ያልፈራችው አስቀድማ ስላለበሰቻቸው ነው።

3. ድንኳኑ

ሱቅ ውስጥ በቀለሙ አትሳቡ። እነዚህን ተመልከቱ፦

ሀ. ሁለት ድርብ ነው ወይ? የላይኛው የዝናብ ልብስ እስከ መሬት ሊደርስ የተቃረበ፣ ከውስጠኛውም ጋር የማይነካካ መሆን አለበት። ትንፋሽ ውሃ ሆኖ እንዳይንጠባጠብ የሚያደርገው በመካከል ያለው አየር ነው።

ለ. ስፌቱ ከውስጥ በኩል በላስቲክ ጥብጣብ ታሽጓል ወይ? ውሃ የመቋቋም ኃይሉ በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ 2,000 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሐ. ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ሻጩ ቢቆጣም ቻሉት። ለምን እንደምለው ታውቃላችሁ።

መ. «ለ4 ሰው» ማለት ተጣብቀው ለተኙ ሰዎች ነው። ለሁለት አዋቂና ለአንድ ልጅ ብላችሁ ቁጠሩት።

ሠ. ካስማዎቹ በእጅ የሚጣመሙ ከሆነ ጥላችሁ ከሰፈራችሁ ብረት ሠራተኛ አዲስ አሠሩ። ዋጋው ጥቂት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም ድንኳን ሲሰፋ አውታሩ እንዲረዝም፣ ካስማውም እንዲጠነክር ይናገራል (ኢሳ. 54፡2)፤ የሰፋ ድንኳን በደካማ ካስማ አይቆምም።

ከሁሉ በላይ ግን ከጉዞው በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉትና አንድ ጀሪካን ውሃ አፍስሱበት። ልጆች ከውስጥ ገብተው የሚያፈሰውን ቦታ በደስታ ይፈልጉላችኋል። ችግሩን ቤት ማግኘት ይሻላል።

ድንኳን መግዛት ካልተቻለ ጥሩ ሸራና ጠንካራ ገመድ በዋጋ ይረክሳል፣ ብዙ ዘመንም ያገለግላል። የሚከብድ ቢሆንም የሚጠገን ነው።

4. እሳትና ብርሃን

ይህን በጥብቅ እነግራችኋለሁ። ከሰል፣ ቡታጋዝ፣ ማንኛውም የሚነድ ነገር ሰው በሚተኛበት ድንኳን ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይግባ። የቀላ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ አየር ያወጣል። ይህ አየር ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይንም አያቃጥልም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ ያስተኛል። የተኛ ሰው ሳያውቀው ይሞታል። «ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» ማለት ከአደጋው አያድንም፤ መርዙ ከጭሱ ጋር አይወጣምና። በከፍታ ቦታ ደግሞ አየሩ ቀድሞውኑ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጉዳቱ ይከፋል። ይህ የሜዳ ትምህርት ብቻ አይደለም። በክረምት ምሽት ቡና አፍልታችሁ ምድጃውን መኝታ ቤት የምታስገቡ፣ አራስ የምታሞቁ እህቶች፣ እባካችሁ ስሙኝ።

ለብርሃን በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ምረጡ፤ ልጅ ለማቀፍ ሁለቱም እጅ ነጻ ይሆናል። ገጠሩን ያዳረሰው ትንሹ የፀሐይ ፋኖስም ደህና ነው፣ ድንጋይ አይፈጅም። ሻማና ኩራዝ ድንኳን ውስጥ አታብሩ። ክብሪትን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከላይተር ጋር በሁለት የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

5. ምግብና ውሃ

የእኔ ብረት ድስቶች ትዝ ይሏችኋል? በከፍታ ቦታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ምስር ማብሰል ማገዶ ይጨርሳል። አያቶቻችን ለመንገድ ስንቅ የያዙትን አስቡ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳትም አይፈልግም። አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ደህና ፔርሙዝ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ማታ የፈላ ሻይ በፔርሙዝ ካለ ሌሊት ለነቃ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

የምንጭ ውሃ ጠርቶ ስለ ታየ ንጹሕ አይደለም። አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ ማከሚያ ከያዛችሁ በመለያው ላይ የተጻፈውን መጠንና ጊዜ ጠብቁ።

አንድ ትንሽ አካፋም አትርሱ። ለምን ብትሉ ዘዳግም 23፡13ን ገልጣችሁ አንብቡ፤ እግዚአብሔር ስለ ሰፈሩ ንጽሕና ምን ያህል እንዳሰበ ትደነቃላችሁ።

6. ጫማ፣ ቢላና ሌላው

አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አታድርጉ፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ልመዱት። ከሰልባጅ ከገዛችሁ ሶሉን አጥፋችሁ ሙጫው እንዳልለቀቀ እዩ። አንድ ስለታም ሰንጢ ከሦስት ደነዝ ቢላ ይበልጣል። ፉጨት በየልጁ አንገት ላይ እሰሩ፤ ጉም ሲወርድ ይጠቅማል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ፣ ሽቶና ጫማ ከማለት ይልቅ ድርብ ድንኳን፣ ቀላል ንጣፍ ወይም የግንባር ባትሪ ብትሉት በዓመት ስንት ቤተሰብ ይገለገልበታል!

ወደ መቅደላ

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ እንደገና ለመውጣት ደፈርን። በዚህ ጊዜ ዝርዝሩን አብረን ጻፍን። አንድ ሸራ፣ ሁለት ባና፣ ስፖንጅ፣ በሶና ቆሎ፣ አንድ የተከራየ በቅሎ። በተንታ በኩል አድርገን ወደ አምባ መቅደላ በእግር ወጣን። ልጆቻችን ሰባስቶፖል የተባለውን መድፍ በእጃቸው ዳሰሱ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ይህን መድፍ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት አስጎትተው ነው ያመጡት። ሊወጋቸው የመጣው የናፒየር ጦርም ወደ 13,000 ወታደርና ከ40,000 የሚበልጡ እንስሳት፣ 44 ዝሆኖችም ጭምር ነበሩት። ያም ሆኖ ተራራው ሲበዛበት ጓዙን እያራገፈ ነው መቅደላ የደረሰው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ እዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን አጠፉ። ልጄ መድፉን ከዳሰሰች በኋላ፣ «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ደክመው አምጥተውት ምን ጠቀማቸው?» አለችኝ።

ማታ በሸራችን ሥር ሆነን ባለቤቴ ለልጆቹ ስለ ሌላ ሰው ነገራቸው። በዚያ ዘመን ወንጌል ሊሰብኩ ከስዊዘርላንዱ ቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ ባለ እጅ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ንጉሡ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። ከሚሲዮናውያኑ አንዱ የሆነውን ዮሐን ማርቲን ፍላድን ደግሞ ንጉሡ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. መልእክተኛ አድርገው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሚስቱ ፓውሊና ልጆቻቸውን ይዛ መያዣ ሆና ቀረች። ፍላድ አውሮፓ ከደረሰ በኋላ መቅረት ይችል ነበር። ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ። በመጨረሻም ከሌሎቹ ጋር በ1860 ዓ.ም. ነጻ ወጡ።

ባለቤቴ ታሪኩን ሲጨርስ ጥቂት ዝም አለና በልጆቹ ፊት፣ «ባለፈው ድንኳኑን ስገዛ እናታችሁን አልጠየቅኋትም፤ ይቅርታዋን ጠይቄአለሁ፣ ከእናንተም እጠይቃለሁ» አለ። ያች ሌሊት ብርድ ነበረ፤ ማንም ግን አልተንቀጠቀጠም።

ያ ዕቃ በክፉ ቀን

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም ከቤታችን ወጣን። ለመጠቅለል የተሰጠን ጊዜ ትንሽ ነበር። ባለቤቴ ምን እንያዝ ብሎ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ዝርዝሩን ሁለታችንም በቃላችን እናውቀው ነበርና። ሸራው፣ ባናዎቹ፣ ስፖንጁ፣ ጀሪካኑ፣ በሶው። በመንገድ ዳር ባደርንበት አንድ ሌሊት አጠገባችን አራስ እናት ከነልጇ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጣ አየሁ። ሽማግሌው ያሉኝ ትዝ አለኝና ስፖንጁን ከሥሯ አነጠፍሁላት፣ አንዱን ባናም ሰጠኋት። በኦሪት የድሃ መያዣ ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስለት የታዘዘው ለብሶት ስለሚተኛ ነው (ዘዳ. 24፡12-13)። እግዚአብሔር ሰው ሌሊት ምን ለብሶ እንደሚያድር ይገደዋል።

ስለዚህ ይህን ዕቃ የመዝናኛ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። አንዲት አጥቢያ ሁለት ጥሩ ድንኳን፣ አሥር ንጣፍና ጥቂት ባና ገዝታ ብታስቀምጥ፣ በደህና ቀን ጥንዶችና ወጣቶች በየተራ ይወጡበታል፤ በክፉ ቀን ደግሞ ቤቱ ለተቃጠለ፣ ለተፈናቀለ ቤተሰብ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ቤት ውድ የሆነው ለኅብረት ቀላል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት እኛ ያኔ በነጻነት የሄድንባቸው መንገዶች እንደ ድሮው አይደሉም። የቦታውን ሰላም ከነዋሪዎቹና ከሚመለከታቸው ሳታረጋግጡ ልጆች ይዛችሁ አትውጡ። እስከዚያው የአጥቢያችሁ ግቢም ለአንድ ሌሊት ድንኳን ይበቃል። ስለ መካነ ሰላም፣ ስለ መላው ወሎና ስለ አገራችን ሰላም መጸለያችንንም አንተው።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ባለፉት ሦስት ወራት ሳንመካከር የገዛነው ዕቃ አለ? ለምን ሳንመካከር ገዛነው?

2. «በረደኝ» ወይም «ከበደኝ» ስልህ/ስልሽ፣ በራስህ/በራስሽ ልክ መዝነህ/መዝነሽ ያለፍኸው/ያለፍሽው ጊዜ ነበር?

3. ቤታችንን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለቀን ብንወጣ የምንይዛቸውን አሥር ነገሮች አብረን እንጻፍ።

4. ዛሬ ማታ የከሰል ምድጃችን የት ነው የሚያድረው?

ድንኳኑን የቀደደችው ያቺ ሰንጢ እስከ ዛሬ ወጥ ቤታችን ውስጥ አለች። ባለቤቴ ዳቦ ሲቆርስባት አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ልጃችን አሁን ከእኔ ቁመት ትበልጣለች።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ከላይም ከሥርም ያሙቃችሁ። አሜን።